ወንበሩና የተዘቀዘቀው ነጠላ

ያኔ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ፎቶ ማንሳት ለመጀመር የሚመች ዕድሜ አይደለም የሚሉ አሉ። እኔ ግን ልብስ ስፌትንም ማንም አላስተማረኝም፤ የተቀደደ ልብስ ፈትቼ፣ አገጣጠሙን እያየሁ ነው የለመድኩት። ስለዚህ አዲስ ነገር አልፈራም። የፈራሁት ቤቱን ነበር። ዝም ብሎብኝ ነበር።

ቤቴ ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ ዳገቱ ሰውን ማስለክለክ ከሚጀምርበት ላይ ነው። እናቴን እዚያው አስታምሜ እዚያው ሸኘኋት። ከእሷ በኋላ ጓሮ ያለችውን ክፍል ያከራየኋት ልጅ ነበረች። ባንክ ቤት ነበር የምትሠራው፤ ሳቋ ግድግዳ ይሻገር ነበር። እሷም ከፋሲካ በኋላ አገባችና ወጣች። ከዚያ ወዲያ ወደ ማታ ላይ የስፌት መኪናዬን ሳቆም የሚሰማኝ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

ወንድም አለኝ። አንድ ነው፣ ታናሼ። የሚኖረው ሲ.ኤም.ሲ ነው። ሲ.ኤም.ሲ ደግሞ ባሕር ማዶ አይደለም፤ መገናኛ ወርዶ አንድ ታክሲ መቀየር ነው። ግን አይመጣም። የተጣላን እንዳይመስላችሁ። ብንጣላማ በምን ዕድላችን! ሽማግሌ ይገባል፣ ጥፋተኛው ይገሠጻል፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለን እንለያያለን። ያልተጣላን ሰው ማን ያስታርቀዋል? በእናታችን ሙት ዓመት መጣ። ለዘመን መለወጫ ደወለ። ለገና አበባ ያለበት መልእክት ላከ፤ ያቺን ለሁሉም ሰው የምትላከዋን። ከዚያ እሷም ቀረች። እኔ እሱ ይደውል እያልኩ፣ እሱም ምናልባት እኔን እየጠበቀ፣ ነገሩ እንዲሁ ከረመ።

ተከራዬ ዕቃዋን የጫነች ቀን ነው ነገሩ የተጀመረው። ልትሰናበተኝ መጥታ፣ «እትዬ፣ እስኪ ስልክዎን ይስጡኝ» አለችኝ። ሰጠኋት። ነካካችው ነካካችውና መለሰችልኝ።

«አንድ ግሩፕ አስገብቼዎታለሁ። ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ናቸው። በየሳምንቱ ቻሌንጅ አላቸው።»

«ምን አላቸው?»

«ፈተና ይበሉት። ሰኞ ርዕስ ይሰጣሉ፣ እስከ እሁድ ማታ አንስቶ መላክ ነው።»

«እኔ ማንን አነሳለሁ ልጄ? ማን አለ እዚህ?»

«እሱ ነው እኮ ጥሩው! የዚህ ክረምት ስቲል ላይፍ ነው። ሰው አይፈለግም። ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ ብቻ ነው የሚነሳው።»

«ዝም ብሎ የተቀመጠ ከሆነማ፣ እኔንም ጨምሮ ቤቱ ሙሉ ነው» አልኳት።

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ደጅ የቆመው የጭነት መኪና ጥሩምባውን ነፋና ሮጠች።

የመጀመሪያው ሳምንት ርዕስ «አንድ ፍሬ» የሚል ነበር። ሾላ ገበያ ወረድኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ሰዉ ላስቲክ ራሱ ላይ እንደ ደፋ በጭቃው ይጋፋል። ከአንዲት የእኔው እኩያ ቲማቲም ሻጭ ፊት ቁጢጥ ብዬ፣ አንድ በአንድ እያነሳሁ አገላብጣለሁ። ዘውዱ ያልረገፈ፣ ጉንጩ ያልተላጠ እፈልጋለሁ።

«እህቴ፣ ልታገቢው ነው እንዴ?» አለችኝ።

«መልኩን ነው የማየው።»

«መልክ ምን ሊያደርግልሽ? ድስት ውስጥ ገብቶ ሊቀልጥ! ስንት ልመዝን?»

«አንድ።»

«አንድ ኪሎ።»

«አይ፣ አንድ ፍሬ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ያነሳሁትን ቲማቲም ከእጄ ወስዳ ላስቲክ ውስጥ ከተተችልኝ። «ውሰጂው። ለአንድ ቲማቲም ሚዛን አላነሳም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ብቻሽን ነሽ?»

ለፎቶ ነው ልላት ነበር። አፌ ግን፣ «አዎ፣ ብቻዬን ነኝ» አለ። ላስቲኬን አንጠልጥዬ ተነሳሁ።

ያንን ቲማቲም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ያላነሳሁት በኩል የለም። ከላይ፣ ከጎን፣ ሰሃን ላይ፣ ጨርቅ ላይ። ላክሁት። የግሩፑ አስተባባሪ አይቶ ጻፈልኝ፦ «ብርሃኑ ከየአቅጣጫው መጥቷል። አንዱን መስኮት ይዝጉ።» ዘጋሁ። እውነቱን ነው! ቲማቲሙ አንድ ወገኑ በርቶ አንድ ወገኑ ጠቆረና ክብ ሆነ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጠፍጣፋ ነበር ማለት ነው። ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሁለቱንም መስኮት ከፍቼ ኖሬያለሁ፣ እንዲህ መሆኑን ግን አላየሁም። ከዚያ በኋላ ከስፌት የተረፈኝን ነጭ ገበር ካርቶን ላይ ወጥሬ በጨለማው ወገን አቆመው ጀመር፤ ጥላው ላይ ትንሽ ብርሃን ይመልሳል። ይህን ማንም አልነገረኝም። ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው አጠገባችሁ ሲቀመጥ ፊታችሁ ፈካ እንደሚል አስታውሼ ነው።

በሌላው ሳምንት «የሚያብረቀርቅ ነገር» ተባለ። የእናቴን ማንቆርቆሪያ በአመድ ፈትጌ ፈትጌ መስተዋት አስመሰልኩት። አንስቼ ላክሁ። አስተባባሪው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቆንጆ ነው፤ ግን ማንቆርቆሪያው ላይ ሰው አለ። ደንቡ ሰው አይኖርም ነው።»

አጉልቼ አየሁት። እውነትም ማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ አንዲት ጉንጫም ሴት፣ ስልክ በሁለት እጇ ይዛ፣ ባዶ ክፍል መሃል ቆማለች። ከኋላዋ ክፍሉ ረዝሞ ይታያል፤ ማንም የለም።

«እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩለት።

«ይደበቁ» አለኝ።

ተደበቅኩ። የተሰበረ ጥቁር ዣንጥላ ነበረኝ፤ ጨርቁን ፈትቼ፣ ለስልኩ ዓይን የምትበቃ ቀዳዳ ቀድጄ፣ ከኋላው ሆኜ አነሳሁ። ከማንቆርቆሪያው ላይ ጠፋሁ። ብዙ ሰው ከፎቶዬ ሥር ቀይ ልብ ሰጠኝ። ልብ ሲሰጡኝ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ግን ስልኩን አስቀምጬ ራቴን ሳቀርብ፣ ልብ የሰጡኝን ሰዎች አንዳቸውንም በመንገድ ባገኛቸው እንደማላውቃቸው አሰብኩ። እነሱም ቢሆኑ የሚያውቁት ማንቆርቆሪያዬን ነው።

ልቡን የምፈልገው ሌላ ሰው ነበር። ይኸው ተናገርኩት። ወንድሜ አንዱን እንኳ አይቶ፣ «እታለም፣ ይህ የእማዬ ማንቆርቆሪያ አይደለም?» እንዲለኝ ነበር የምፈልገው። ከልጅነቱ ጀምሮ እታለም ነው የሚለኝ። ሌላ እታለም የሚለኝ ሰው የለም። ልላክለት እልና እተወዋለሁ። ያለ ምክንያት የማንቆርቆሪያ ፎቶ ለሰው ይላካል? «ምን ፈልጋ ነው?» ይላል።

«ከደጅ የመጣ» በተባለ ሳምንት የባሕር ዛፍ ፍሬ ለመልቀም ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ጉሙ ዛፎቹን ከወገባቸው በላይ ውጧቸዋል። ያቺን የልብስ ቁልፍ የምትመስለውን፣ ጫፏ ላይ መስቀል የመሰለ ስንጥቅ ያላትን ፍሬ ኪሴ እስኪሞላ ለቀምኩ። ስመለስ ጉሙ ገለጥ አለና ከተማው ታየ። ወደ ሲ.ኤም.ሲ በኩል ያሉት ጣሪያዎች በዝናብ ታጥበው ያበራሉ። የትኛው የእሱ እንደሆነ ልለይ ሞከርኩ። አንዱን መረጥኩና ይህ ነው አልኩ። ጉሙ እስኪመለስ ያንን ጣሪያ አየሁ። የሌላ ሰው ቤት ይሆናል።

ነሐሴ ውስጥ «ያረጀ ነገር» የሚል ርዕስ መጣ። ሳላስብ ዓይኔ ወንበሩ ላይ አረፈ።

እናቴ በጠፍር የተሠሩ ሁለት ወንበሮች ነበሯት። ጠፍሩ ከመቀመጥ ብዛት ጎድጉዶ፣ የሰው ቅርጽ ይዟል። ዕቃዋን ስንከፋፈል ወንድሜ ምንም አልፈልግም አለ፤ ስንወጣ ግን በሩ ጋ ቆሞ፣ «አንዱን ወንበር ልውሰድ?» አለኝ። ውሰድ አልኩት። ተሸክሞት ዳገቱን ሲወርድ የወንበሩ እግሮች ከራሱ በላይ እንደ ቀንድ ቆመው ነበር። ሌላው እኔ ዘንድ ቀረ። አልቀመጥበትም። ከቦታውም አላነሳውም።

እሁድ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ወደ ማምሻው ወንበሩን ከመስኮቱ አጠገብ አምጥቼ፣ የእናቴን ነጠላ መደገፊያው ላይ ጣል አደረግኩበት። ጥለቱ አረንጓዴና ወርቅማ ነው። አነሳሁት፤ ጥለቱ ታች ወርዶ ጨለማው ውስጥ ጠፋ። መብራት ባበራበትስ ብዬ ሄድኩ፤ መብራት ጠፍቷል። ሻማ ለኮስኩና ወለሉ ላይ ሳይሆን ከወንበሩ ጎን በርጩማ ላይ አቆምኩት። ብርሃኑ ላይ ላዩን ብቻ ያዘ። ያን ጊዜ ነጠላውን ገለበጥኩት። ጥለቱን ወደ ላይ፣ እጥፉን ወደ ታች። አይ አምላኬ! ወርቁ በሻማው ተያያዘ። ጠፍሩ ላይ ያለው ጉድጓድ ጥላ ሞላበት፤ አሁን ከመቀመጫዋ የተነሳች ሴት ያለች መሰለ።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ጭንቅላቱን ይዞ ይሆናል። ነጠላ ጥለቱ ወደ ላይ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ እኔስ አጥቼው ነው? ስንት ለቅሶ ላይ አዘቅዝቄ ተቀምጫለሁ። ግን በዚያ ሰዓት ያየሁት ቀለሙን ብቻ ነው። ለወራት ዕቃን በብርሃንና በጥላ ሳይ ከርሜ፣ ዕቃው ለሰው ምን እንደሚናገር ዘንግቼዋለሁ።

ለግሩፑ ላክሁት። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለወንድሜ መላክ ካፈርኩ፣ ፕሮፋይሌ ላይ ባደርገውስ? ስልኩን ሲከፍት ያየዋል። ወንበሩን ያውቀዋል፤ መንትያው እሱ ቤት ነው። እኔ አልላክሁም፣ እሱም አየ። የፊቴን ፎቶ አውርጄ ወንበሩን ተካሁበት። የስልኬ ባትሪ ወዲያው ሞተ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት መብራት አልተመለሰም። ፊቴን እየታጠብኩ ሳለ፣ የግቢው በር በቡጢ ተደበደበ። «ወይኔ! ወይኔ!» የሚል የወንድ ድምፅ። ድምፁን ወዲያው አወቅኩት፤ ወንድሜ ነው። ሚስቱ ናት፣ ወይም ከልጆቹ አንዱ፣ አልኩ በልቤ። መርዶ ሊያረዳኝ ነው የመጣው። እጄ የደረሰበትን ነጠላ አፈፍ አድርጌ ወጣሁ፤ እጄ የደረሰበት ደግሞ ያው ወንበሩ ላይ ያለው ነው፤ እንደ ተዘቀዘቀ ትከሻዬ ላይ ጣልኩት። በሩን ከፈትኩና፣ «ማንን ነው? ማንን ነው ወንድሜ?» እያልኩ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።

እሱ እንደ ግንድ ደረቀ።

«እታለም?» አለ። በሁለት እጁ ፊቴን ይዞ አራቀኝ። «አለሽ?»

«አለሁ። የት እሄዳለሁ? ማነው የሞተው?»

«አንቺ ነሻ!»

በዚህ መሃል ጎረቤቴ ጩኸቱን ሰምታ ደርሳለች። ከእድራችን ሴቶች ሁሉ ቀዳሚዋ ናት፤ ሩጫ ላይ እያለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የደረሰችው። «ወይኔ ጎረቤቴን!» ብላ ከበሩ ስትገባ ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። አፏ ተከፍቶ ቀረ።

«አንቺ… አንቺን ነው ማለት ነው የማለቅሰው?»

ወንድሜ ስልኩን አውጥቶ አሳየን። ወንበሩ፣ ነጠላው፣ ሻማው። «ስደውል ዝግ ነው። አሥር ጊዜ ዝግ ነው። ምን ልበል? እስኪ ምን ልበል? ይህን አይቶ ደህና ናት የሚል ሰው አለ?»

«ውድድር ነው» አልኩ ቀስ ብዬ።

«የምን ውድድር?»

«የዕቃ ፎቶ። የሳምንቱ ርዕስ ያረጀ ነገር ነው የሚለው።»

ጎረቤቴ ስልኩን ተቀብላ ራቅ አድርጋ አየችው። «ፎቶውስ ያስለቅሳል» አለች። ነጠላዋን አውርዳ ጭብጥ አደረገችና፣ «በይ እንግዲህ፣ እንባዬን በነፃ ወስደሻል። የእውነትሽን ስትሞች ቅናሽ ታደርጊልኛለሽ። ደግሞ አይዞሽ፣ ሳይሞት የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል» ብላ ሳቋን እያፈነች ወደ ቤቷ ሄደች።

ወንድሜ ደጃፉ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ሸሚዙን ቁልፉን አዛንፎ ነው የቆለፈው፤ አንዱ ወገን ወደ አገጩ ወጥቷል። ስፌት የለመደ ዓይን ይህን አያልፍም። ጎንበስ ብዬ ከላይ እስከ ታች ፈትቼ እንደገና ቆለፍኩለት። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ስልከው እንደማደርግለት። አልተንቀሳቀሰም።

ቤት ገባን። በከሰል ሻይ አፈላሁ። ወንበሩ እንደ ነበረ መስኮቱ ጋ ነው፤ የቀለጠው ሻማ በርጩማው ላይ ፈስሷል። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሻዩን ሁለት ጊዜ ተጎንጭቶ ተነሳና ከትከሻዬ ነጠላውን ወሰደ። ዘርግቶ፣ ጥለቱን ወደ ታች መልሶ፣ ወንበሩ ላይ አስተካክሎ አደረገው።

«እንዲህ ነው» አለ።

«እንዲህ ሲሆን ቀለሙ አይታይም።»

«አይታይ።»

ጥለቱን በጣቱ እያቃና፣ «እንደ ጠፋሁ አውቃለሁ» አለኝ። «አንቺስ ለምን አትደውይም?»

«አንተስ?»

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሥራ እንደ ረፈደበት ተናገረ። በሩ ጋ፣ «እመጣለሁ» አለ። እሺ አልኩት። ዳገቱን ሲወርድ እስኪጠፋ አየሁት። ሻዩን ግማሹን ትቶታል።

ከሰዓት መብራት ሲመጣ ስልኬን ሰካሁ። አስተባባሪው፣ «ብርሃኑን ይኸው ያዙት!» ብሎ ነበር። ከሥሩ ግን የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ተራ ይዘው «ነፍስ ይማር» ጽፈዋል። «ማንም አልሞተም፤ ወንበር ነው» ብዬ መለስኩ። ፕሮፋይሌን ወደ ፊቴ መለስኩት።

የአዲሱ ሳምንት ርዕስ «ብርጭቆ» ነበር። የወንድሜን ብርጭቆ አላጠብኩትም ነበር። ግማሽ ሻይ፣ ጠርዙ ላይ የከንፈሩ ምልክት። አንዱን መስኮት ዘግቼ፣ ነጩን ገበር አቁሜ አነሳሁት። ከዚያ አጠብኩት።

አልመጣም። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሌላውም አለፈ። የግቢው በር ሲንኳኳ በሩጫ እወጣለሁ፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ይሆናል። ያን ቀን ያለቀሰው ለሞትኩት ለእኔ ነው፤ ላለሁት ደግሞ ጊዜ የለውም፣ ብዬ ተቀየምኩት። ፎቶውን ግን አላቆምኩም። ማንኪያ አነሳሁ፣ ክር አነሳሁ፣ የበር ቁልፍ አነሳሁ።

ዘመን መለወጫ አልፎ በመጀመሪያው እሁድ፣ ማታ ላይ ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ፎቶ ልኮልኛል። የእናታችን ሌላኛው ወንበር ነው፤ ሲ.ኤም.ሲ፣ እሱ ቤት። ያልተተኮሰ ልብስ ተከምሮበታል፤ ከልጆቹ የአንዱ ካልሲ ከመደገፊያው ላይ ተንጠልጥሏል። ብርሃኑ ከየአቅጣጫው መጥቷል፤ የእሱ አውራ ጣት ጥግ ላይ ገብቷል። ምንም አልጻፈበትም። በሚቀጥለው እሁድ ጫማውን አንስቶ ላከ። ከዚያ ድስት፣ ከዚያ የተሰበረ ዣንጥላ። አይደውልም። በየእሁዱ ግን አንድ ይልካል።